የሁለት ደረጃ እርማት

ሐሙስ ጠዋት ኖላዊት ከቤቷ የወጣችው ጥቁር መነጽሯን አድርጋ ነው። ደሴ በጉም ተሸፍናለች፤ ጦሳ ተራራ አይታይም። በእንዲህ ያለ ጉም ውስጥ ጥቁር መነጽር የሚያደርጉት አንባቢዎች ብቻ ስለሆኑ፣ ከሸዋ በር እስከ ፒያሳ መንገደኛው ሁሉ ዘወር እያለ አሳለፋት። በታክሲው ውስጥ ከጎኗ የተቀመጠ ሰው የስልኩን ብርሃን ወደ ደረቱ አዙሮ በመዳፉ ሸፈነው። ይህ በከተማው የተለመደ ጨዋነት ነው። የአንባቢ ዓይን ጠዋት ኃይለኛ ብርሃን ከነካው እስከ ቀትር አያገለግልም።

የቅሪት ንባብ ጣቢያው ሁለት ሰዓት ላይ ይከፈታል። አንባቢዎቹ ስድስት ናቸው። በሩ ከመከፈቱ በፊት ሃያ ደቂቃ በጨለማ ክፍል ውስጥ፣ በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። አይነጋገሩም። ዓይናቸው ጨለማውን እስኪለምድ ይጠብቃሉ። ከውጭ በሩ ሦስት ጊዜ ሲንኳኳ ይነሱና ግድግዳውን እየዳሰሱ ወደየክፍላቸው ይገባሉ።

ሥራው ቀላል ነው። ታካሚው እጁን በጥቁር ጨርቅ ላይ ይዘረጋል። ወይንጠጅ መብራት ይበራል። በሰውነቱ ውስጥ የቀረ አሸዋ ካለ እንደ ፍም ይቀላል። መሣሪያው ከአንድ እስከ አሥራ ሁለት ካሉት ደረጃዎች አንዱን በአንባቢው ጆሮ ይናገራል። ነገር ግን መሣሪያው ሳሙናንም፣ ቅባትንም፣ ቀለምንም ይቆጥራል፤ ስለዚህ ሕጉ የሰው ዓይን ይኑርበት ይላል። አንባቢው የሰማውን ደረጃ እስከ ሁለት ድረስ ከፍ ወይም ዝቅ ማድረግ ይችላል። የሚጸናው የተጻፈው ነው። ታካሚውም ሐኪሙም የሚያዩት የተጻፈውን ብቻ ነው። ሰባት ወይም ከዚያ በላይ የተጻፈበት ሰው መርፌው ይቆምበታል።

አሸዋ የሚለው ስም የሕዝቡ ነው፤ በጣቢያው ቅጽ ላይ «የሲሊከን ብናኝ» ይባላል። ብናኙ መድኃኒቱን አዝሎ ይገባል፤ የሚያመው ቦታ ሲደርስ ሸክሙን ያወርዳል፤ ከዚያ ራሱ ሟሙቶ በሽንት ይወጣል። መውጣት አለበት፤ ከተጠራቀመ ጉበት ይጎዳል። የሚወጣለት ሰው ለቃቂ ይባላል፤ የማይወጣለት ያዥ።

የዕለቱ የመጀመሪያ ታካሚ እማማ ዘሃራ ነበሩ። ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ የሚወጉት ለልባቸው ነው።

«አንቺ ጠጠር ጣይ፣ ዛሬስ ምን ወጣልኝ?» አሉ እጃቸውን እየዘረጉ።

«ስድስት፣ እማማ።»

«ውይ በሞትኩት! አንዲት ቀንሺልኝ ልጄ።»

«አይቻልም።»

«ለሌላው እንዴት ይቻላል? ያቺ ሦስተኛው ክፍል ያለችው ለጎረቤቴ ቀንሳላታለች።»

«እንግዲያው ሦስተኛው ክፍል ይሂዱ።»

«እሄድ ነበር፤ ወረፋው ረዘመብኝ እንጂ።» አሮጊቷ ሳቁ። «ድንጋይ! እናትሽ ምን እያበላች ነው ያሳደገችሽ?»

ስድስት ተብሎ ተጻፈ።

ኖላዊት በጣቢያው አሥራ አንድ ዓመት ሠርታለች። ቀንሺልኝ ያላት ሰው ቁጥር የለውም። ማር ይዘው የመጡ አሉ፤ ያለቀሱ አሉ፤ የረገሟት አሉ። ለማንም ቀንሳ አታውቅም። ከአንዲት ታካሚ በቀር።

ያቺ ታካሚ አራት ሰዓት ላይ ገባች።

«ኖሊዬ፣ የት ነሽ? እናንተ ቤት ስመጣ ግድግዳ ስሜ ነው የምመለሰው።»

ሶልያና የኖላዊት ታናሽ እህት ናት። አርባ ሰባት ዓመቷ ነው፤ በአራት ዓመት ታንሳታለች። ሆጤ ሠፈር ውስጥ የሹሩባ ቤት አላት። ታካሚ አንባቢውን የመምረጥ መብት አለው፤ አንባቢው ዘመድ ሲሆን በቅጹ ግርጌ «ዝምድናው ታውቋል» የሚል ማኅተም ይመታል። ሶልያና አንባቢ መርጣ የማታውቅበት ዓመት የለም፤ ከእህቷም ሌላ መርጣ አታውቅም።

«እጅሽን» አለች ኖላዊት።

መብራቱ በራ። አሥር ጣቶች ከጨለማው ወጡ። በመጀመሪያ የታየው ከጥፍሮቹ ሥር የቀረው የፀጉር ቅባት ነበር፤ ነጣ ያለ ሰማያዊ። ከእርሱ ሥር፣ ከቆዳው ውስጥ፣ ሌላው ብርሃን ነበር። ብርቱካን ነው። ከአንጓ ወደ አንጓ ይሄዳል። አይንቀጠቀጥም።

በጆሮዋ ያለው ድምፅ «ስምንት» አለ።

ኖላዊት አየች። ዓይኗም ስምንት አለ።

ስድስት ብላ ጻፈች። የእርማት ምክንያት በሚለው ሥር አምስት ምርጫዎች አሉ፦ ቅባት፣ ሳሙና፣ ቀለም፣ ቁስል፣ ሌላ። የመጀመሪያውን ነካች።

«ስንት ነኝ?»

«ስድስት።»

«ተመስገን። ለጥቂት አመለጥኩ።» ሶልያና መዳፏን በመዳፏ ፎከተች። «ቅዳሜ እንዳትቀሪ። ባለፈው የሠራሁሽ ተበጥሷል። ከዶሮ ጋር ነው እንዴ የምታድሪው?»

እንዲህ ስትቀንስ ይህ አሥራ አንደኛው ሳምንት ነበር።

እናታቸው በሃምሳ ስምንት ዓመቷ ስትሞት ሁለቱም እጆቿ ተጨብጠው ነበር። ገናዦቹ ሊዘረጓቸው ሞክረው አልሆነላቸውም፤ እንደ ተጨበጡ ተቀበረች። በሽታው የመገጣጠሚያ ነው። ከእናት ወደ ልጅ ይወርዳል። ለሁለቱም ልጆቿ ሠላሳ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ወረደ።

ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ሁለቱ እህቶች በአንድ ቀን፣ ከአንድ ብልቃጥ፣ የሙከራ መርፌ ተወጉ። በዘጠነኛው ቀን ተነበቡ። የሶልያና ሰውነት ጨለማ ነበር፤ የቀረ ነገር የለም። በኖላዊት ቀኝ ጎን ግን፣ ከመጨረሻዋ የጎድን አጥንት ሥር፣ የሰናፍጭ ቅንጣት የምታህል ብርሃን ቀረች። በአሥራ አምስተኛው ቀንም ነበረች። በዓመቱም ነበረች። ዛሬም አለች። ያዥ ሁለተኛ አይወጋም።

በወሩ ሶልያና የቀሚሷን ቁልፍ ራሷ ቆለፈች። በስድስተኛው ወር የሹሩባ ቤቱን ከፈተች። ኖላዊት በዚያው ዓመት በጣቢያው ተቀጠረች። አሸዋ የሚወስድ ሰው የራሱ እጅ ስለሚበራ የሌላውን ማንበብ አይችልም፤ ስለዚህ አንባቢነት ለያዦች የተተወ ሥራ ነው። ብዕሯን በጭብጧ ትይዛለች። በልብሷ ላይ ቁልፍ የለም፤ መንጠቆ አለ። እጇን ወደ ራሷ ማንሳት ስለማትችል ፀጉሯን በየሳምንቱ ቅዳሜ የምትሠራት ሶልያና ናት። የዳነው እጅ በጭንቅላቷ ላይ አንድ ሰዓት ሙሉ ይመላለሳል፤ ይከፍላል፣ ይጎነጉናል፣ ያጠብቃል። ኖላዊት በዚያ ሰዓት ዓይኗን ትጨፍናለች። መነጽሯን ስላወለቀች ብርሃኑን ለመከላከል እንደሆነ አድርጋ ነው የምትጨፍነው።

ስለ ለቃቂዎች ማንም ያልነገራቸው አንድ ነገር ነበር። ለቃቂነት ዕድሜ ልክ አይደለም። ሰውነት እየቆየ መልቀቅ ይሰለቸዋል።

ኖላዊት ይህን ያወቀችው በጥር ወር በአክስታቸው የልጅ ልጅ ሠርግ ላይ ነው። በደሴ የሠርግ አዳራሾች ኬክ ከተቆረሰ በኋላ መብራት ይጠፋና ወይንጠጁ ይበራል። አሸዋ የሚወስዱ ሁሉ እጃቸውን ያነሣሉ። የፍም ሰዓት ይሉታል። ያን ቀን ሶልያና መካከል ገብታ እስክስታ መታች፤ ከትከሻዋ በላይ አሥር የፍም ፍንጣሪዎች ተንቀጠቀጡ፤ አዳራሹ እልል አለ። ነጭ ልብስ በወይንጠጅ ብርሃን በሰማያዊ ያበራል፤ የኖላዊትም ቀሚስ እንደ ሌላው ሰው ሁሉ በራ። እጇ አልበራም። ከሩቅ ላያት ሰው እጅ የሌለው ቀሚስ ወንበር ላይ የተቀመጠ ይመስለዋል።

«አንቺስ እጅሽን አታሳዪንም?» አለቻት ከሙሽራው ወገን የሆነች፣ የማታውቃት ሴት።

«የለኝም» አለች ኖላዊት።

ሴትዮዋ ቀልድ መስሏት ሳቀች።

አንባቢ ማንበቡን ማቆም አይችልም። ኖላዊት ከተቀመጠችበት ሆና የእህቷን ጣቶች አነበበች። አምስት። ባለፈው ንባብ ሁለት ነበሩ። አምስት። ከእንብርቷ በላይ የሆነ ነገር ሞቀ። ምን እንደሆነ ለመለየት ጥቂት ጊዜ ወሰደባት። ደስታ ነበር።

ከሠርጉ በኋላ ያለው ሐሙስ መጣ። መሣሪያው አምስት አለ፤ ዓይኗ አምስት አለ፤ ያ ሙቀት ተመለሰ። በጣቢያው ደንብ ያመመው አንባቢ አያነብም። ጠጥቶ ያደረ አያነብም። ካለቀሰ ሦስት ሰዓት ያልሞላው አያነብም። ለቅናት የተጻፈ አንቀጽ የለም። ኖላዊት በጨለማው ውስጥ፣ የእህቷን እጅ ፊቷ ዘርግታ፣ በቀዝቃዛ ሐሳብ አሰበች። ይህ ዓይን ይህን ቁጥር አሥራ ሁለት ዓመት ሲጠብቅ ኖሯል። የጠበቀውን አየሁ ቢል ይታመናል? መሣሪያውስ? መሣሪያው ቅባትንም ይቆጥራል። የተዛባ ሚዛን የያዘ ሐቀኛ ነጋዴ የተዛባውን ያህል ይቀንሳል። ሕጉ የፈቀደላት ሁለት ነው። ሁለት ቀነሰች።

ሦስት ብላ ስትጽፍ ልቧ ቀለላት። ፍትሕ የሠራች መሰላት።

ከዚያ ወዲያ መሣሪያው ስድስት ሲል አራት፣ ሰባት ሲል አምስት ጻፈች። ቁጥሩ በጨመረ መጠን ደስታው ጨመረ፤ ደስታው በጨመረ መጠን ዓይኗን ማመን አቃታት።

በአሥራ አንደኛው ሳምንት ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሆጤ ደረሰች። በሹሩባ ቤቱ ውስጥ አንዲት ደንበኛ ሒሳቧን ጨርሳ ነጠላዋን እያጣፋች ነበር።

«ኧረ አንባቢዋ መጣች! ዓይኔን እንዳታነቢኝ» ብላ ወጣች።

ሶልያና እህቷን በርጩማ ላይ አስቀምጣ የተበጠሰውን ፈታች። መሥራት ጀመረች። የመጀመሪያዎቹ አራት መስመሮች እንደ ወትሮው ነበሩ። በአምስተኛው ላይ ሚዶው ከእጇ ወደቀ። አነሣችው። መዳፏን በጥፍሯ ረጅም ጊዜ ፎከተች።

«ምን ሆንሽ?»

«ይበላኛል አቦ። መዳፌን፣ ውስጥ እግሬን። ምግብ ደግሞ ሽታው ራሱ አስጠልቶኛል። ቅድም ለዚህችኛዋ ስሠራ ሁለቴ ነው የተቀመጥኩት።»

«ሐኪም አታዪም?»

«ሐኪሙማ ወረቀቱን አየ። ስድስት ነሽ፣ ከሰባት በታች ነሽ፣ ድካም ነው ብሎ ሸኘኝ። እኔም የዕድሜ ነው አልኩ። ስድስት ያልሽኝ አንቺ አይደለሽ?» ሚዶውን በጥርሷ ነክሳ ወደ ፊት ዞረች። «መነጽርሽን አውልቂ፣ ግንባርሽ ጋ ልደርስ ነው።»

ኖላዊት አወለቀች። ያን ቀን ዓይኗን አልጨፈነችም።

ለአሥራ አንድ ሳምንት እህቷን ያየችው ወይ በወይንጠጅ መብራት ወይ በጥቁር መነጽሯ ውስጥ ነበር። አሁን በመስኮት ብርሃን አየቻት። ጉንጯ ጎድጉዷል። የዓይኗ ነጭ የእርድ ውሃ የነካው ጨርቅ መስሏል።

«ሶሊ» አለች። «ስድስት አንባቢዎች ነን። ለምንድን ነው እኔን የምትመርጪው?»

«ዛሬ ምን ነካሽ?»

«ንገሪኝ።»

«ከስድስታችሁ የአምስቱን ፀጉር የምሠራው እኔ ነኝ። ከአንቺ ጋር ስድስት።» ሶልያና ከግንባሯ ላይ አንድ ዘለላ ከፈለች። «ይወዱኛል። የሚወድሽ ሰው ቁጥር ይቀንስልሻል። ያቺን ከበላያችን የነበረችውን ጎረቤት ረሳሻት? አራት ነሽ፣ አራት ነሽ እያሉ ነው የቀበሯት።»

«እኔስ?»

«አንቺማ ትቀኚብኛለሽ።»

ሰዓት እንደሚነገር ያለ አነጋገር ነው።

«ማን ነገረሽ?»

«ኧረ ኖሊ፣ ተይ እንጂ! አንድ ጡት ነው የጠባነው። ሠርጉ ላይ ፊትሽን አይቼዋለሁ።» ሳቀች፤ ሳቋ መሀል ላይ በድካም ተቋረጠ። «አልተቀየምኩሽም። እኔ በአንቺ ቦታ ብሆን እነክስሽ ነበር። እንዲያውም ዕድለኛ ነኝ ነው የምለው። ይቺ ሴት አንዲት ፍንጣሪ ብትቀርብኝ አታልፈኝም አልኩ። ሰው ሁሉ የሚያዝንለት አንባቢ ይፈልጋል፤ እኔ የምትቀናብኝን ያዝኩ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ፈርቼ አላውቅም።»

ኖላዊት ከበርጩማው ተነሣች። ግማሽ ፀጉሯ ተጎንጉኗል፤ ግማሹ ቆሟል።

«ተነሺ። ጣቢያው እስከ ስድስት ሰዓት ክፍት ነው።»

«ሐሙስ ተነብቤ የለም እንዴ? ደግሞ እንዲህ ሆነሽ መንገድ ትወጫለሽ? ሰው እኔን ነው የሚስቅብኝ።»

«ተነሺ አልሁሽ።»

በጨለማው ክፍል ውስጥ በአግዳሚው ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሃያው ደቂቃ ለማንም አይቀነስም። ኖላዊት በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ በዚያ ክፍል ቃል ተናግራ አታውቅም ነበር።

«ሐሙስ ስምንት ነበርሽ» አለች።

«ምን?»

«ስምንት። ከዚያ በፊት ሰባት። በየካቲት መግቢያ አምስት።»

«ስድስት ብለሽኝ?»

«ቀነስሁ።»

የሶልያና ድምፅ ቀጠነ።

«አዘንሽልኝ?»

«አይደለም። ደስ አለኝ።»

«አልገባኝም።»

«አምስት ስትሆኚ ደስ አለኝ። ደስ ያለው ዓይን ያየውን ለማመን አፈርሁ። ስለ ቅናቴ ሁለት ቀነስሁልሽ። በየሳምንቱ።»

ከውጭ ወንበር ሲጎተት ተሰማ። ሶልያና ወደ ግድግዳው ጥግ ፈቀቅ አለች፤ በመካከላቸው የአንድ ሰው ቦታ ተከፈተ።

«ጅል» አለች። ቃሉን ደገመችው። «ጅል። እኔ የተማመንኩት በምን ነበር? በእሱ እኮ ነው።»

በሩ ሦስት ጊዜ ተንኳኳ።

ኖላዊት እህቷን በአልጋው ላይ አጋደመቻት። እጅ የማያሳየውን፣ ጉበት ላይ የተጠራቀመውን የሚያሳየውን የጎኑን ትልቅ መብራት አወረደች። ከመጨረሻዋ የጎድን አጥንት ሥር፣ በራሷ ገላ ላይ የሰናፍጭ ቅንጣት ባለችበት ቦታ፣ በሶልያና ገላ ላይ መዳፍ የሚያህል ፍም ነበር። ዳር ዳሩ ይደበዝዛል፤ መሀሉ ይነድዳል።

መሣሪያው አሥራ አንድ አለ። አሥራ አንድ ብላ ጻፈች። እርማት፦ የለም።

ያ ሙቀት ከእንብርቷ በላይ ይመጣ እንደሆነ ጠበቀች። መጣ። ጥቂት ነበር፤ ግን መጣ። ከዚያ በኋላ ብዕሩ ከጭብጧ ወደቀ።

ሰኞ የጣቢያው ኃላፊ ዶክተር እንድሪስ አስጠራት። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ትሑት ሰው ነው፤ ወንበር ስቦ አስቀመጣት። በጠረጴዛው ላይ የአሥራ አንዱ ሳምንት ንባቦች ተዘርግተዋል።

«ወይዘሮ ኖላዊት፣ ሕግ አልጣሱም» አለ። «እያንዳንዱ እርማት በሁለት ደረጃ ውስጥ ነው። ምክንያት አለው። ዝምድናው ታውቋል። እህትዎ ሹሩባ ሠሪ ናቸው፤ ቅባት ይነካሉ። ማንም አይጠይቅዎትም።»

«ቅባት አልነበረም። ምክንያቱን ማስተካከል እፈልጋለሁ።»

«ይችላሉ። መብትዎ ነው።» ቅጹ የሚሞላበትን ሰሌዳ ወደ እርሷ አዞረላት።

ከአምስቱ ምርጫዎች «ሌላ» የሚለውን ነካች። የተከፈተውን ባዶ ቦታ በጭብጧ በያዘችው ብዕር ሞላችው። ቅናት።

ሰሌዳው ቀላ። ዶክተር እንድሪስ ጎንበስ ብሎ አነበበና ጢሙን ዳሰሰ።

«አይቀበለውም። ምክንያቱና አቅጣጫው አይጣጣሙም ይላል።» ቀና ብሎ አያት፤ ግራ መጋባቱ የእውነት ነበር። «እኔንም ይቅርታ ያድርጉልኝና አልገባኝም። ቅናት ሰውን ወደ ላይ ነው የሚያስጽፈው። የእርስዎ ወደ ታች ነው።»

«አዎ።»

«ታዲያ ደግነት ነው ልንለው እንችላለን።»

«አይደለም» አለች ኖላዊት።

ሁለቱም ሰሌዳውን ተመለከቱ። በመጨረሻ ዶክተር እንድሪስ ቅጹ ሳይዘጋ እንዲቆይ አደረገ። ያልተዘጋ ቅጽ ያለበት አንባቢ ሥራውን ይቀጥላል። ዛሬም ቅጹ አልተዘጋም።

ሶልያና ሆስፒታል አርባ ቀን ተኛች። ጉበቷ ተረፈ። መርፌው ለዘለቄታው ቆመ፤ በካርዷ ላይ ለቃቂ የሚለው ተሰርዞ ያዥ ተባለ። የሹሩባ ቤቱን ለሌላ ሴት አከራየች። ኖላዊት በየቀኑ መግቢያው ድረስ ሄደች፤ በየቀኑ ነርሷ «ዛሬም ሰው አልቀበልም ብለዋል» አለቻት። አርባውን ቀን የኖላዊት ፀጉር እንዳልተሠራ ነበር። በመጨረሻ በመቀስ አስቆረጠችው።

ከሆስፒታል ለሚወጡ ጣቢያው ራሱ አንባቢ ይመድባል። ለሶልያና ሦስተኛው ክፍል ተመደበላት። በሰኔ መጀመሪያ ሐሙስ፣ አራት ሰዓት ላይ፣ በሦስተኛው ክፍል በር ፊት ለፊት ድምፅ ተሰማ።

«አይሆንም አልኩ! የምመርጠው እኔ አይደለሁ? ሕጉ እንደዚያ አይልም?»

ከዚያ ግድግዳ የሚዳስስ እጅ መጣ። በዝግታ መጣ። የኖላዊት በር ተከፈተ።

ሶልያና በአልጋው ላይ ተጋደመች። የቀሚሷን መንጠቆ ለመፍታት ሞከረች። ቁልፎቹ በመንጠቆ ተተክተዋል፤ ጣቶቿ ግን መንጠቆውንም አልቻሉትም። ኖላዊት ረዳቻት። አራት የማይታዘዙ እጆች በአንድ መንጠቆ ላይ ብዙ ቆዩ።

«ፀጉርሽን ምን አደረግሽው?» አለች ሶልያና እጇ በድንገት ነክቶት።

«አስቆረጥሁት።»

«በግ መስለሻል።»

መብራቱ ወረደ። ከጎድን አጥንቷ ሥር ያለው ፍም ጠብቧል። መዳፍ ያህል የነበረው አሁን በሦስት ጣት ይሸፈናል። ዳር ዳሩ ጠፍቷል። ኖላዊት ይህን ከዚህ በፊት በሌሎች ላይ አይታዋለች፤ እንዲህ መጥበብ የጀመረ ፍም ይጨርሳል። በመስከረም፣ ቢዘገይ በጥቅምት፣ ይህ ቦታ ጨለማ ይሆናል። ያዥ የሚለው ቃል በካርዱ ላይ ይቀራል፤ አሸዋው ግን አይቀርም። ከራሷ ልብስ ሥር ያለችውን ቅንጣት አሰበች። አሥራ ሁለት ዓመት። መጠኗ ዛሬም ያው ነው።

በጆሮዋ ያለው ድምፅ «ስምንት» አለ።

ዓይኗም ስምንት አለ።

«ስንት ነኝ?»

«ስምንት።»

«መሣሪያውስ?»

«ስምንት።»

«እርማት ታደርጊበታለሽ?»

«አላደርግም።»

ሶልያና በጨለማው ውስጥ ፊቷን ወደ እርሷ አዞረች። ፊቷ አይታይም፤ ትንፋሿ ግን ቀርቧል።

«ስታዪው ምን ተሰማሽ? እንዳትዋሺኝ።»

ኖላዊት ከእንብርቷ በላይ ያለውን ቦታ ቁጥር እንደምታነብ አነበበችው።

«እየወጣልሽ ነው» አለች። «የእኔ አልወጣም። ቀናሁብሽ።»

ሶልያና ራሷን ወደ ትራሱ መለሰች። ከሚያዝያ ወዲህ ያልተነፈሰችው የሚመስል ረጅም ትንፋሽ አወጣች።

«እንግዲያው ትክክል ነው» አለች። «ጻፊው።»